ሙዝ የሸተተበት ሌሊት

ማር ቆረጣ ላይ ስሙ የሚነሣው የቆራጩ ነው፤ ነፍስ ያለችው ግን በጭስ ያዡ እጅ ነው። ይህን የምለው ሹመቱ ለኔ ስለደረሰኝ ብቻ አይደለም። መስከረምን አደይ አበባ ላይ የከረመው ንብ ቀፎውን ሞልቶ፣ ጥቅምት ሲጋመስ አጎቴ ዘንድ በእንግድነት ደረስኩ። ማታውኑ የሚጤስ ኩበት አስይዞ ከቀፎው ሥር አቆመኝ። ኩበቱን የክረምቱ እርጥበት አልለቀቀውም፤ እፍ ስለው ይነቃል፣ ትንፋሽ ስወስድ ያንቀላፋል።

«ጋሼ፣ ሊጠፋ ነው!»

«አንተ እፍ በል! ንብ ወሬ አይወድም።»

ጠፋ። ንብ በጨለማ ከመብረር መዳህ ይቀናዋል፤ አንዷ በጋቢዬ ጫፍ ገብታ አንገቴን ነደፈችኝ። ወዲያው ሙዝ ሸተተኝ። በዚህ ሌሊት ማን ሙዝ ይልጣል ብዬ ሳልጨርስ ሌሎቹ ደረሱ።

ሙዝ የላጠ የለም። ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ከነከረጢቱ ቆዳ ላይ ይቀራል። ከዚያ የሚተነው የማስጠንቀቂያ ፌሮሞን ዋና ቅመሙ አይሶፔንታይል አሲቴት ነው፤ የበሰለ ሙዝንም የሚያውደው እሱው ነው። ለቀፎው ግን የክተት አዋጅ ነው፤ አዋጁን የሚሰሙትም አንቴናቸው ላይ ባሉ የሽታ ተቀባዮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ቪሸር፣ ቬተርና ሮቢንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ጭስ የነካውን አንቴና በኤሌክትሪክ መለኪያ ፈተሹ። ለዚህ ሽታ የሚሰጠው ምላሽ ደክሞ ተገኘ፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ቀስ በቀስ አገገመ። እንግዲህ የኔ ኩበት የጠፋው አዋጁ በሚነገርበት ሰዓት ነው።

ኬሚስቶች ያለ ጭስ የነፍሳትን ማሽተቻ የሚዘጉ ውህዶች ይፈልጋሉ። በአሜሪካ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የወባ ትንኝን ኦርኮ የሚያፍን ውህድ ተገኝቷል። ኦርኮ ማለት አብዛኞቹ የነፍሳት የሽታ ተቀባዮች ያለ እሱ የማይሠሩበት አጋር ፕሮቲን ነው። ለትንኝ እሰየው! ለንብ ግን አልመኝም፤ ኦርኮዋ የተዘጋባት ንብ አዋጁን ብቻ ሳይሆን አበባውንም ታጣለች። ጭስም ቢሆን የአበባ ሽታ ያደነዝዛል፤ ደግነቱ ቶሎ ያልፋል።

አጎቴ ያን ጊዜ ከመሰላሉ ወርዶ፣ ፍም አምጥቶ ኩበቱን ዳግም አያያዘና የተነደፍኩበትን ሁሉ እንደ ቋንጣ አጠነኝ፤ የሙዙን ሽታ ለማፈን መሆኑ ነው። እያሳለኝ ቆምኩለት። ጠዋት አክስቴ ማሩን ከነሰፈፉ አቀረበችልኝ። ከንፈሬ አብጦ አልከፈት አለኝና፣ የእኔን ድርሻ አጎቴ በላው።