ካምቢዮው ሞቷል ባዩ

«ካምቢዮው ሞቷል!» አለ። መጣ፣ አየ፣ ማኪያቶውን ፉት አለ፣ ፈረደ። ሐኪም እንኳ የልብ ትርታ ያዳምጣል። አንተ ኮፈን ክፈት ስልህ ከፈን ይዘህ መጣህ! እስቲ እናንተ ቆማችሁ የምትሰሙ ፍረዱ፤ ካምቢዮው ከሞተ እኔን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ማን አደረሰኝ? መንፈሱ?

«እሺ፣ ኮምፒውተር ላይ ይነበብ» ይላል ደግሞ። ይነበብ! መኪናው የሼቭሮሌ ሼቨል እኮ ነው ጌታው፣ በፈረንጅ 1969 የተሠራ። ሰው ጨረቃን የረገጠበት ዓመት ነው፤ ኮምፒውተሩን ይዘውት ወጥተዋል፣ ለሼቭሮሌ አልተረፈም። ያንን ገመድህን የት ልትሰካው ነው? ሲጋራ መለኮሻው ውስጥ?

የካምቢዮው ስም ተርቦ ሃይድራማቲክ 350 ነው። ሰማህ? ተርቦ! ስሙን ሲነግርህ በሽታውንም ነገረህ፤ አንተ ምግብ ትተህ ቀባሪ ጠራህለት። ማርሽ ስታስገባ ካመነታ፣ መታጠፊያ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ካለ፣ መጀመሪያ ዘይቱን እይለት። «አይቻለሁ» ትላለህ። እንዴት አየህ? ሞተሩን አጥፍተህ፣ በጠዋት ብርድ፣ ዳገት ላይ! የዚህ ዘይት የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ካምቢዮው ሞቆ፣ ሜዳ ላይ፣ ፓርክ ገብቶ ነው። መለኪያው ላይ «ጨምር» ከሚለው እስከ «ሙሉ» ያለው ልዩነት ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። አንተ ግን ጋሎኑን ገለበጥህበት! ዘይቱ ከልክ ሲያልፍ ማርሾቹ እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋ ደግሞ ማርሽ አይገፋም። ለተራበ ካፑቺኖ! ለነገሩ ቀለሙን ብታይ ብዙ ይነግርህ ነበር። ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ ከከረፋ ፍሪሲዮኑ ነዷል። ሮዝ ወተት ከመሰለ የራዲያተር ውኃ ገብቶበታል፤ ያኔ ለቅሶ ተቀመጥ፣ እኔም አብሬህ አለቅሳለሁ።

«ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ሞተሩም አልቋል» አለ አሁን። ቅድም ካምቢዮው ሞተ፣ አሁን ሞተሩ ተከተለ። የሰፈርህ ዕድር እንዴት ይችልሃል? የካምቢዮው ዘይት ይጎድላል፣ መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ማርሚታው ነጭ ያጨሳል። ሦስቱን መደመር አቃተህ? በካምቢዮው ቀኝ ጎን፣ ወደ ኋላ በኩል፣ ሞዱሌተር የምትባል ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ከሞተሩ በቀጭን ቱቦ ቫኪዩም ይመጣላታል። ቫኪዩሙ ሲበረታ መኪናው ዘና ብሎ እንደሚሄድ ገብቷት ማርሹን በጊዜ፣ በለስላሳው ታስቀይራለች። ነዳጅ ሲረገጥ ቫኪዩሙ ይወድቃል፤ እሷም ግፊቱን ጨምራ ማርሹን ታዘገያለች። ውስጧ ያለችው ስስ ሽፋን ስትቀደድ ግን ሞተሩ በዚያችው ቱቦ የካምቢዮውን ዘይት መጥጦ ያነደዋል። ቱቦዋን ንቀል። ቀይ ዘይት ካገኘህባት ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ! በአንድ ብሎን ለምትታሰር ዕቃ ካምቢዮ ሙሉ ልታስገዛኝ ነበር!

ቱቦዋ ብቻ ከተሰነጠቀችስ? ቫኪዩም አይደርሳትም፤ ካምቢዮው ሁልጊዜ እሽቅድምድም ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ማርሹን አዘግይቶ በርግጫ ይቀይራል። አየህ፣ ቫኪዩም ባዶነት ነው። በባዶነት የሚያስብ ሌላም ፍጡር አለ ብለህ አትደሰት። እሷ ባዶነት ሲጎድላት ትሳሳታለች፤ አንተ ጎድሎህ አያውቅም።

«ከአንደኛ ማርሽ አልወጣም ካለስ?» ብሎ ያፋጥጠኛል፤ የረታኝ መስሎታል። በግራ ጎን ገቨርነር አለልህ። የሜሪላንዱን አላልኩህም፤ ያኛው በድምፅ ይሾማል፣ ይሄኛው በፍጥነት ይሽከረከራል። መኪናው ምን ያህል እንደፈጠነ ለካምቢዮው የሚያሳብቀው እሱ ነው። የፕላስቲክ ጥርሱ ከረገፈ ወይ ቫልቩ ከተጣበቀ ወሬ አቀባይ የለም፤ መኪናው አንደኛ ላይ ቆሞ ይጮኻል። አንደኛ ላይ መቅረት ግራ ቢያጋባህ አልፈርድብህም፤ ትምህርት ቤት ሳለህ አጋጥሞህ አያውቅ!

ይኼኔ ወደ ጓደኛው ይሸሻል። «የሱ ቻርጀርም እንዲሁ ሆኖበት ነበር»። ቻርጀር ሲባል ኪሳችሁን የዳበሳችሁ ተረጋጉ፤ ዶጅ ነው። ካምቢዮው 727 ነው፤ ቦይንጉ አይደለም፣ ሻንጣህን አስቀምጥ! የዚህ ዘይት ደግሞ ፓርክ ላይ ሳይሆን ኒውትራል ላይ ይለካል፤ ፓርክ ላይ ኮንቨርተሩ በደንብ አይሞላማ። ጓደኛህ ያደረገውንስ ልንገራችሁ? ካርቡራተር ቀየረና ከካርቡራተሩ ወደ ካምቢዮው የምትወርደውን ዘንግ «ትርፍ ናት» ብሎ ወረወራት። ማርሹ ቶሎ ቶሎ መቀያየር ጀመረ። «አቤት ሲለሰልስ!» አለ። የለሰለሰው ግፊቱ ነዋ! ፍሪሲዮኖቹ እየተንሸራተቱ ሲነድዱ እሱ ዘፈን ከፍቷል። ከዚያ ጥፋቱ በባንዱ ተላከከ። ባንዱማ ከውጭ ባለው ብሎን ይጠበቅ ነበር፤ ላላ እንጂ ባንዳ አልሆነም! ካምቢዮው ማርሽም አለው፣ ባንድም አለው፤ ማርሽ ባንድ ግን አይደለምና ጥሩምባህን ወዲያ በል።

«በቃ፣ መድኃኒት ጨምርበት» አለ፣ ጠርሙስ ከጃኬቱ አውጥቶ። አሁን ደግሞ ፋርማሲ! የጥንቱ የዴክስሮን ካምቢዮ ዘይት ቅመም ምን እንደነበር ታውቃለህ? የዓሣ ነባሪ ዘይት! አሜሪካ በፈረንጅ 1970ዎቹ መጀመሪያ ከልክላዋለች። ዋናውን መድኃኒት ከፈለግህ ዮናስን ጠይቅ፤ ሦስት ቀን ፋርማሲው ውስጥ አድሯል። የተቀደደች ሞዱሌተር፣ ጥርሱ የረገፈ ገቨርነር ግን በጠርሙስ አይሰፋም።

መጨረሻ ላይ ተሸናፊ የሚያነሳትን አነሳት። «ድሮም ማንዋል ነው የሚሻለው!» እዚህ ላይ ተስማማን፤ አጨብጭቡለት! ማንዋል ይሻላል። ፋብሪካው አሳትሞታል፣ ሥዕል አለው፣ ቀስት አለው፣ የብሎኑ ቦታ ተጽፏል። ግለጠው። ለመግለጥ ፍሪሲዮን አይረገጥም።