ስለ ሰፈራችን የተጻፈ፣ ለሰፈራችን የተዘጋ

ይህ ነገር ለማን አቤት ይባላል? ጅቡቲ ከተማ ተቀምጦ ምርምር የጀመረ ወጣት ሁሉ ያንን የጆርናል ድረ ገጽ ያውቀዋል። የጥናቱ ርዕስ ይታያል፣ የጸሐፊዎቹ ስም ይታያል፣ አጭሩ ማጠቃለያም ይነበባል። ዋናው ነገር ሊጀመር ሲል ዋጋ ይመጣል፤ ለአንድ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ 35 ዶላር ገደማ። በጅቡቲ ፍራንክ ሲመታ ከ6,200 ይበልጣል። ደህና የመመረቂያ ጥናት ለመጻፍ ደግሞ ሃምሳ ስልሳ ጽሑፍ ማገላበጥ ግድ ነው። ማን ይችለዋል? ደመወዙ በቤት ኪራይና በመብራት የሚያልቅ ጀማሪ ነው? ወይስ ከድሬዳዋ መጥቶ ዘመድ ቤት የተጠጋ ተማሪ?

ከሁሉም የሚያንገበግበው ደግሞ የተዘጋው ጽሑፍ ስለምንኖርባት ከተማ ሲሆን ነው።

አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለውን የወባ ትንኝ እናንሳ። የመጣችው ከደቡብ እስያና ከዓረብ ባሕረ ገብ መሬት በኩል ነው። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነበር። የገጠር ኩሬና ረግረግ አያስፈልጋትም፤ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ጉድጓድ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። ውሃ ሳያጠራቅሙ መዋል በማይቻልበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚኖርበት ያውቀዋል። በ2012 በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ከ73,000 አለፈ፤ ያውም ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ በሆነ አገር።

የትንኟ መገኘት በሳይንሳዊ ጆርናል ታትሞ የወጣው በ2014 ነው። ጥናት እስኪታተም ይህን ያህል መቆየቱ በዓለም ሁሉ የተለመደ አሠራር ሆኗል፤ ትንኟ ግን በመሐሉ ትራባለች። በ2016 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተያዘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ ከጀርባው እሷ መሆኗ በጥናት ታየ። ጅቡቲና ድሬዳዋ በባቡርም በመኪናም ሰውና ዕቃ ሲመላለስባቸው የሚውሉ ከተሞች ናቸው። እዚህ የታወቀ ነገር እዚያ ያለ ወጣት ተመራማሪ ጠረጴዛ ላይ በሳምንቱ መድረስ ነበረበት።

መረጃ ክፍት ሲሆን የሚሆነውንም አይተናል። የቀብሪ ደሃሯ ትንኝ ማንነት የተረጋገጠው ዘረመሏ ጄንባንክ በተባለው ለሁሉም ክፍት በሆነ የመረጃ ቋት ከተቀመጡት ጋር ተነጻጽሮ ነው። ያንን ቋት ለመክፈት ደብዳቤ አያስፈልግም፣ ማኅተም አያስፈልግም። የድሬዳዋው ጥናትም በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ ሲወጣ ማንም እንዲያነበው ተፈቅዶ ነው። ባልባላ ሰፈር ያለ ተማሪ በስልኩ ያወርደዋል። በኢትዮጵያ በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ዳታም እንዲሁ ተመዝግቦ ለጠየቀ በነፃ ይሰጥ ነበር። ቤት ለቤት ዞሮ መረጃ የሚሰበስብበት ገንዘብ የሌለው ስንቱ የዩኒቨርሲቲ ወጣት መምህር የመጀመሪያ ጽሑፉን ያሳተመው በእሱ ነው! በ2025 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ግን በእሱ ይደገፍ የነበረው የጥናቶቹ ፕሮግራም ቆመ፤ አዲስ አመልካችም ተቀባይ አጣ። የራሳችን እናቶችና ሕፃናት መረጃ ቁልፉ ሰው እጅ መሆኑን ያን ጊዜ አየን።

«ዳታው በተገቢ ሁኔታ ሲጠየቅ ይሰጣል» የሚለው የጽሑፍ ማብቂያስ? ኢሜይል ይጻፋል፣ ይጠበቃል፣ በትሕትና ድጋሚ ይጻፋል። ጸሐፊው ሥራ ቀይሯል፣ አድራሻው ተዘግቷል፣ ወይም ዝም ብሏል። ስም የገነባ ፕሮፌሰር ስልክ ደውሎ የሚያገኘውን ጀማሪው ወራት ቆጥሮም አያገኘውም። ልፋቱ የሚከብደው ሁልጊዜ ባዶ እጁን ለሚጀምረው ነው።

ዳታ ፍለጋ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት መዞሩ ደግሞ ለብቻው ዕዳ ነው። ኢትዮጵያዊ ሆነህ እዚህ ጅቡቲ ስትጠይቅ «የውጭ ዜጋ ነህ፣ ከኤምባሲህ ደብዳቤ አምጣ» ትባላለህ። አዲስ አበባ ስትጠይቅ «ነዋሪነትህ ውጭ ነው፣ ካለህበት ተቋም አጽፈህ ና» ይሉሃል። ደጅ ተጠንቶ የተገኘውም የወር ሰንጠረዥ ተጣሞ ስካን የተደረገ ወረቀት ይሆንና ቁጥሩን አንድ በአንድ በእጅ መገልበጥ ነው። ያ ወረቀት እኮ መጀመሪያ ኤክሴል ላይ የተሠራ ነው!

ለማሳተም ሲመጣም ጣጣው አያልቅም። ለአንባቢ ክፍት የሆነ ጆርናል ብዙውን ጊዜ ክፍያውን ከጸሐፊው ይፈልጋል። ኔቸር በ2020 መጨረሻ ያሳወቀው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነበር፤ ከእሱ ዝቅ ያሉትም ብዙዎቹ ሺህ ዶላር ቤት ናቸው። ለድሃ አገራት ይቀነሳል ይባላል። ጅቡቲ በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ ከቀሩት አገራት አንዷ ናት፤ በዓለም ባንክ መለኪያ ግን ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ካላቸው ተመድባለች። ስለዚህ የባንኩን መለኪያ የያዙ አንዳንድ አሳታሚዎች ግማሹን ብቻ ይቀንሳሉ። የሁለት ሺህ ዶላር ግማሽ ለጀማሪ መምህር ያው ሰማይ ነው። ሂናሪ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት አገልግሎት ከ2002 ጀምሮ የተዘጉ ጆርናሎችን ለድሃ አገራት ከፍቷል፤ ባለውለታችን ነው። ግን የሚመዘገበው ተቋም እንጂ ግለሰብ አይደለም። ተመርቀህ ሥራ እስክታገኝ ባለው ጊዜ፣ ጽሑፍህን ለማሳተም በምትሯሯጥበት በዚያው ወቅት፣ በሩ ይዘጋብሃል።

ኢትዮጵያ በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥታለች። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በብሔራዊው የዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ደስ ብሎን ነበር። ዛሬም ግን ስንቱ የማስተርስ ጥናት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ያንኑ ርዕስ ሌላ ልጅ ከዜሮ ይጀምረዋል። እዚህም ያለው ከዚያ አይሻልም። አውሮፓን፣ እስያንና አፍሪካን የሚያገናኙ የባሕር ሥር ኬብሎች ከደጃችን ይወጣሉ፤ እኛ አንድ ፋይል ለማውረድ የስልክ ዳታ እንቆጥባለን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

የምንጠይቀው የሚከብድ አይደለም። ያሳተመ ሰው ጆርናሉ የፈቀደለትን የመጨረሻ ረቂቅ ክፍት ማከማቻ ላይ ያስቀምጥ፤ ብዙ አሳታሚዎች ይህን ይፈቅዳሉ። የጤናና የውሃ ቢሮዎች የሕመምተኛ ስም ሰርዘው የወር ሰንጠረዡን በኤክሴሉ እንዳለ ይልቀቁት። የሁለቱ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጥናቶችን ከመደርደሪያ አውርደው ድረ ገጽ ላይ ይጫኑ። ከዚህ ከተማ ደምና ትንኝ ሰብስቦ የሚሄድ የውጭ ቡድን ዳታውን እዚህ ላለው ወጣት ትቶ ይሂድ። ትንኟ የት እንደደረሰች ቀድሞ ማወቅ የሚገባው በርሜሉ ደጁ ላይ ያለ ሰው ነው። እሱን ሊያገለግል የተማረው ልጅ ግን ዛሬም ወሩን በማኅተም ጥበቃ ይገፋል። ሰለቸን፤ ይከፈት።