ብሩ ደመና ላይ ነው

ገዳሪፍ፣ ሰኔ 5

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ ጭልጋ

ጋሼ፣ እኔ ከናፍቆታችሁና ከሙቀቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆቱንስ ችየዋለሁ።

«ክረምቱ ሳይገባ የበሬ መግዣ ላክ» ያሉት ደርሶኛል። ብሩ አለ፤ ለጊዜው ደመና ላይ ነው እንጂ። እዚህ ማሽላውም ሰሊጡም በዝናብ ብቻ የሚበቅል ነው። ዋልካው ሳይርስ ትራክተር አይወጣም፤ ትራክተር ካልወጣ ደግሞ ለእኔ ቢጤ አራሚ ቀብድ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ባለእርሻው ሐጂም እኔም በጠዋት ተነስተን ነፋስ እናያለን። ከሰሜን፣ ከበረሃው የነፈሰ ለታ ሐጂን ሰላም ማለትም አይቻል። ከደቡብ ምዕራብ የነፈሰ ለታ፣ እርጥበት ይዞ ይመጣልና፣ ለሁላችን የዝንጅብል ቡና ያዛሉ።

ጣጣው፣ የሁለቱ ነፋሶች ወሰን በዝናብ መግቢያ የሚያልፈው በእኛው አናት ላይ ነው። አንድ ሰሞን ወደ ሰሜን ይገፋል፣ ሌላ ሰሞን ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል። ሻለቃ ጉዊን የተባለው የእንግሊዝ መኮንን በ1903 እ.ኤ.አ. የእኛንና የሱዳንን ድንበር ሲያመላክት ነፋሶቹን ዘሏቸዋል። ቢያካልላቸውስ? የሰዎቹ ወሰንም እስካሁን እያጨቃጨቀ ነው።

ስልኬ «በሚመጣው ሳምንት የዝናብ ዕድል 40 በመቶ» አለኝና ለሐጂ ብነግራቸው፣ «60ውን ማን ወሰደው?» ብለው ተቆጡኝ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሀቡብ መጣ። ከሩቅ የሚዘንበው ደመና ቀዝቃዛ አየሩን ቁልቁል ሲለቀው፣ መሬት መትቶ አቧራውን ሁሉ እየነዳ የሚያመጣብን ነገር ነው። የፉል ሳህኔን በነጠላ ብሸፍነውም አቧራው እስከ ማታ ጥርሴ ሥር ሲንቀጫቀጭ ዋለ። ከኋላው ጠብታ ተከተለ። በአፈሩና በውሃው መሀል ደጅ የተገኘ ሰው እንደ ጭቃ ቤት ተመርጎ ይገባል፤ እኔ ሁለት እጅ ተመርጌያለሁ። ዋልካው ግን ከላይ ከላዩ ነው የራሰው።

የእናንተ ዝናብማ በጓንግ ወርዶ፣ እዚህ አትባራ ተብሎ፣ ወደ ዓባይ ይነጉዳል። እኛ ከተማ ውስጥ ውሃ የምንገዛው ከአህያ ጋሪ ነው።

የፊታችን ሚካኤል ጠበል ጠዲቁ ላይ ሲቀመጡ እኔን ይተዉኝና ለደቡብ ምዕራብ ነፋስ ያስጸልዩልኝ። በሬውን ከፈለጉት ነፋሱ እስከ ሐምሌ አቦ ፊቱን አያዙር።

40 በመቶ ተስፋ ያለው
የወንድምዎ ልጅ