ይግባ!

ሚኒባሳችን የቱሉ ዲምቱን ክፍያ ጣቢያ አልፎ የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዟል። እኔ ጋቢና ነኝ። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና አለ፤ የሰሌዳውን ብሎኖች ቆጠርኳቸው፦ አራት ናቸው፣ አንዱ ዝጓል። ከሰሌዳው በላይ በነጭ ቀለም «ርቀትህን ጠብቅ» ይላል። የእኛ ፍጥነት 100 ነው።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ራቅ በልለት።»

«ጋሼ፣ ከራቅሁ ይገቡብኛላ!»

«ይግቡ! አንድ ሲገባብህ እንደገና ራቅ ለማለት የምታጣው 2 ሰከንድ ነው። እስከ አዳማ 10 ቢገቡብህ 20 ሰከንድ። ረዳትህ የአንድ ሰው መልስ ሲፈልግ ከዚያ በላይ ይቆያል።»

«ፍሬኔ እኮ አስተማማኝ ነው፤ ሸራውን ገና ትናንት ነው ያስቀየርኩት።»

«ሸራው አዲስ ነው፤ አደጋ አይተህ እግርህ ከነዳጅ ተነሥቶ ፍሬን እስኪረግጥ ግን 1 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በ100 ፍጥነት 1 ሰከንድ 28 ሜትር ነው። አንተ የተውከው ቦታ 10 ሜትር አይሞላም።»

«እሱ ጭነት ይዟል፤ ከኔ ቀድሞ አይቆምም።»

«ፍሬን ካቆመው ልክ ነህ። ከፊቱ ያለ ነገር ካቆመውስ? ከእሱ ወዲያ ያለውን አንተም አታይም፣ እኔም አላይም።»

ለአፍታ ዝም አለና ዋናውን መከራከሪያ አመጣ። «ውጭ አገር መኪኖች እርስ በርስ እየተነጋገሩ ተጠጋግተው ነው የሚነዱት። በስልኬ አይቻለሁ።»

ያየው እውነት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ አጠገብ፣ 8 ቡዊክ መኪኖች በአውራ ጎዳና ፍጥነት በመካከላቸው 6 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ትተው ተከታትለው ሄደዋል። ምስጢሩ ሬዲዮ ነው። ዛሬ በሚታወቀው አሠራር እያንዳንዱ መኪና የት እንዳለ፣ ፍጥነቱን፣ አቅጣጫውን፣ ፍሬን መያዝ አለመያዙን በሰከንድ 10 ጊዜ ለጎረቤቶቹ ይናገራል። ወሬው 300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዓይን ከጭነት መኪና ጀርባ ሲታገድ ሬዲዮው አልፎ ይሄዳል፤ ሦስተኛው መኪና ፍሬን ሲይዝ ከኋላ ያለው ወዲያው ይሰማል። መኪናው የሰማውን ይዞ ራሱ ፍሬን ከያዘ፣ የእኛ 28 ሜትር ወደ 3 ሜትር ሊወርድ የሚችለው እንዲህ ነው። የጎማውና የአስፋልቱ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው፤ በ100 የሚሮጥ መኪና በደረቅ መንገድ እንኳ ለመቆም ወደ 50 ሜትር ይፈልጋል። ሬዲዮው የሚያሳጥረው የመስሚያውን ጊዜ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የዚህ ሬዲዮ መዘግየት ነው። አሜሪካ በ1999 ለዚህ ሥራ 75 ሜጋኸርዝ ሞገድ ለይታ አስቀመጠች፤ በ2020 ከዚያ ላይ 45ቱን ለዋይፋይ እንዲሰጥ ወሰነች። አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ሬዲዮውን ይያዝ የሚል ረቂቅ ደንብ በ2016 መጨረሻ ወጥቶ በ2023 ተሰረዘ። ቮልስዋገን ከ2019 ጀምሮ ስምንተኛውን ጎልፍ ከነሬዲዮው በአውሮፓ ሸጧል፤ ግን ብቻውን የሚናገር መኪና ማን ይመልስለታል? ይህ ነገር የሚሠራው ሁሉም ሲይዘው ነው። ሞገድ የሚያከፋፍሉ ሰዎች ከኋላ የተገጨ ቤተሰብ ቢያስታውሱ ኖሮ 20 ዓመት ባልፈጀ ነበር።

«ታዲያ እኔ ከእነሱ በምን አንሳለሁ?» አለ ሹፌሩ።

«እነሱ ተነጋግረዋል። አንተ ከዚህ ጭነት መኪና ጋር ምን ተነጋገርክ?»

መልስ ሳይሰጠኝ ከማዶ የሚመጣ ሚኒባስ ሁለት ጊዜ መብራት መታለት። ወዲያው እግሩን ከነዳጅ ላይ አነሣ። «ይኸው፣ እኛም እንነጋገራለን። ትራፊክ አለ እያለኝ ነው።»

«የማታውቀውን ሰው በመብራት ብቻ አምነህ ፍጥነት ቀነስክ። ይህ መልካም ነው። ከፊትህ ያለው ፍሬን ሲይዝስ እንዲህ ቀድሞ የሚነግርህ ማነው? እስኪነግርህ ድረስ ያ ቦታ ይኑርህ። ያ ምሰሶ ይታይሃል? የጭነቱ ጀርባ ሲያልፈው መቁጠር ጀምር፤ ሁለት ሳትል እኛ ከደረስን ቀርበሃል።»

ቆጠረ። አንድ ላይ ደረስን። እንደገና ቀነሰና በሌላ ምሰሶ ቆጠረ። አሁን ብሎኖቹ አይታዩም፤ ጽሑፉ ብቻ ይነበባል።

ወዲያው አንዲት ነጭ ቪትዝ ከግራ መጥታ በመካከላችን ገባች። ሹፌሩ ክላክስ ላይ ያሳረፈውን እጁን መልሶ አነሣውና ወደ እኔ ዞር አለ።

«ገባች፣ ጋሼ።»

«ስንት ከሰርን?»

«ሁለት ሰከንድ» አለና ፍጥነቱን ቀነሰላት።