ሐተታ ዘሎግ ኢን፤ ያለ ፓስወርድ ስለሚከፈት የቤት ኮምፒውተር

መቅድም፤ ሊቃውንት ስለ ሰማይ ስፋትና ስለ ባሕር ጥልቀት ብዙ ጽፈዋል። ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ስለተቀመጠው ዴስክቶፕ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ይህን የጥበብ ክፍተት ልንሞላ፣ ማንም ሳይጠይቀን፣ ብዕር አነሣን።

ክፍል 1፤ ስለ ጥንተ ነገሩ። የኮምፒውተር ፓስወርድ በ1960ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ሥራ ላይ ዋለ፤ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰው አንድ ማሽን እንዲጋራ ባበጁት ሲቲኤስኤስ በተባለው ሥርዓት። ነገሩ ገና ሳይጠና፣ በ1962 አለን ሸር የተባለ የዚያው ተቋም ተመራማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት አልበቃ ቢለው፣ በተበሳ ካርድ ጥያቄ አስገብቶ የሁሉንም ፓስወርድ በወረቀት አሳትሞ ወሰደ። ልብ በሉ፤ አጥሩን የዘለለው ሽፍታ ሳይሆን የቤቱ ሰው ነው።

ክፍል 2፤ ስለ ምክንያቱ። አባወራው ዊንዶውስ ላይ ኔትፕልዊዝ ብሎ ጽፎ፣ ፓስወርድ የምታስጠይቀውን ምልክት ስለምን ያነሣል ቢሉ፤ ፓስወርዱን ይረሳልና። አንድም፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር መጻፍ ይሰለቸዋልና። አንድም፣ «ከቤተሰቤ የምደብቀው የለኝም» ሲል ነው። ወይዘሮዋ ግን ሦስተኛውን ትርጓሜ እስከ ዛሬ አልተቀበሉም።

ክፍል 3፤ ስለ ውጤቱ። በሩ አልፈረሰም፤ ማሽኑ ራሱ በአባወራው ስም ይገባል እንጂ። እንግዲህ ማብሪያውን የተጫነ ሁሉ አባወራ ነው። ጌም የሚያወርደው ልጅ አባወራ ነው፤ ማሽኑን ይዞ የሮጠው ሌባም፣ ብሮውዘሩ ካስታወሳቸው ፓስወርዶች ጋር፣ አባወራ ሆኖ ያርፋል። የከፋው ደግሞ ዊንዶውስ ሲጫን የሚፈጠረው የመጀመሪያው አካውንት አድሚኒስትሬተር መሆኑ ነው። አዲስ ፕሮግራም ፈቃድ ሲጠይቅ አድሚኒስትሬተር «የስ» ማለት ብቻ ይበቃዋል፤ ተራ ተጠቃሚ ግን የአድሚኒስትሬተሩን ፓስወርድ ይጠየቃል። አንዳንዱ «አዋቂ» ጭራሽ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ ገብቶ ኦቶአድሚንሎጎን የሚባለውን 1 ያደርግና፣ ዲፎልትፓስወርድ በሚባለው ስፍራ ምስጢሩን በግልጽ ፊደል ይጽፋል። ይህም ዘበኛ ቀጥሮ ቁልፉን በሩ ላይ እንደ መስቀል ነው።

ክፍል 4፤ ተቃውሞና መልስ። «በገዛ ቤቴ ማን ይሰርቀኛል?» ለሚል፣ ክፍል 1ን ደግሞ ያንብብ። «ፓስወርድ ካለኝስ አይበቃም?» ለሚል፣ አይበቃም፤ ዲስኩ ካልተመሰጠረ፣ ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ የሰካው ሰው የሎግ ኢን ገጹን ሳያይ ፋይሉን ያነባል። የአፕል ማክ ይህን ስለሚያውቅ፣ ዲስኩን የሚመሰጥረው ፋይልቮልት ሲበራ ያለ ፓስወርድ መግባትን ይከለክላል።

ድንጋጌ፤ ለእያንዳንዱ የቤት ሰው የየራሱ አካውንት ይከፈት። የዕለት ሥራ በተራ አካውንት ይሁን፤ አድሚኒስትሬተሩ ፓስወርዱን ይዞ ለብቻው ይቀመጥ። ያለ ፓስወርድ መክፈት ግድ ከሆነም፣ ከቤት በማይወጣ ማሽን፣ ባንክም ኢሜይልም በሌለበት ተራ አካውንት ብቻ ይፈቀድ። ቡና ተጠርቶ የሚነሣ ሁሉ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤልን አንድ ላይ ተጭኖ፣ ማሽኑን ቆልፎ ይሂድ። ይህን ተላልፎ፣ ማሽኑ ከተወሰደ በኋላ ስለ ፓስወርድ የሚመክር አባወራ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በሚለው አንቀጽ፣ ያለ ይግባኝ ይዳኛል።