ለሎክ ጠቢባን የቀረበ ምስጋና

የሎክ ነገር ያልገባው ድራይቨር ጸሐፊ የለም፤ ያልገባው ላፕቶፑ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፤ ሲከፈት ግን ስክሪኑ እንደጠቆረ፣ ደጋፊው እየተሽከረከረ፣ ኪቦርዱ ቢደበደብም ሳይመልስ ይቀራል። ባለቤቱ ጥርሱን ነክሶ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ይይዝና ያጠፋዋል፤ ሴቭ ያላደረገውን ሰነድም አብሮ ይሸኛል። ይህን ግትርነት የሚገሩ ጠቢባን በሊኑክስ ከርነል ዙሪያ ሞልተዋል። ውለታቸው ግን እስካሁን በወጉ አልተነገረምና እኔ ልንገር።

አንድ የባትሪ መለኪያ ድራይቨር እንውሰድ። በየጥቂት ሰከንዱ የባትሪውን መጠን የሚያነብ የጀርባ ሥራ አለው። ሥራው ሲነሣ ሚውቴክስ የሚባለውን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚይዘውን ሎክ ይይዛል፣ ያነባል፣ ይለቃል። ማሽኑ ሊተኛ ሲል ደግሞ የሰስፔንድ ፈንክሽኑ ይጠራል። እሱም በጨዋ ደንብ ያንኑ ሚውቴክስ ይይዝና «ካንስል ዲሌይድ ወርክ ሲንክ» የሚባለውን ይጠራል። ይህ ጥሪ የጀመረ ሥራ ካለ እስኪያልቅ ድረስ ይጠብቃል። የጀመረው ሥራ ደግሞ ሚውቴክሱ እስኪለቀቅለት ቆሟል። ሰስፔንዱ ሥራው እስኪያልቅ፣ ሥራው ሰስፔንዱ እስኪለቅ፤ ሁለቱም ሥርዓት አክባሪ፣ ሁለቱም እስከ ዕለተ ምጽአት የማይነቃነቁ። ዴድሎክ የሚሉት ይህን ነው።

ይህ በየቀኑ አይደርስም። ሥራው ልክ በዚያች ቅጽበት መነሣት አለበት። ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ማሽኑ ደጋግሞ ይተኛል፣ ደጋግሞ ይነሣል፤ «እኔ ጋ ይሠራል» የምትለውም ቃል በሙሉ ልብ ትነገራለች። አቤቱታው ሲበዛ ነው ጠቢቡ እጅጌውን የሚሰበስበው።

የመጀመሪያ ጥበቡ ኤምስሊፕ ነው። ሚውቴክሱ ከመያዙ በፊት የመቶ ሚሊሴኮንድ መጠበቂያ ይጨመራል። ለምን መቶ? ሃምሳ አልበቃም፤ ሁለት መቶ ደግሞ ያሳፍራል። የፓቹ መግለጫ አንድ መስመር ነው፦ «አልፎ አልፎ የሚታይ የመንጠልጠል ችግር ተስተካክሏል»። እውነትም ችግሩ ከአቤቱታ አቅራቢው ቤት ተነሥቶ ፈጠን ያለ ወይም ቀስ ያለ ማሽን የያዘ ሌላ ሰው ቤት ገብቷል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ትራይሎክ ነው። ሚውቴክሱን ሞክር፤ ከተገኘ ያዝ፤ ካልተገኘ «ቢዚ ነኝ» ብለህ ስህተት መልስ። በሰስፔንድ ጊዜ አንድ ድራይቨር ስህተት ከመለሰ ግን የመላው ማሽን እንቅልፍ ይሰረዛል። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል፤ ባትሪውም ጠዋት የለም። ዴድሎኩ ግን የለም፤ ማመስገን ነው። ሌላው ጠቢብ ስህተት መመለስ ነውር ስለሚመስለው ሁለቱም ወገን እየሞከሩ፣ ያልሆነ እንደሆነ እየለቀቁ፣ እንደገና እንዲሞክሩ ያደርጋል። በር ላይ «በሞቴ አንተ ቅደም»፣ «ኧረ አይሆንም አንተ ቅደም» የሚባባሉ ሁለት እንግዶች አይታችሁ እንደሆነ፣ ፕሮሰሰሩም እንዲህ በትሕትና ይደክማል። ሦስተኛው ጠቢብ ደግሞ ሎኩ ካልተገኘ ያለ ሎክ ይለፍ ይላል። ያኔ ሰስፔንዱ የመሣሪያውን ክሎክ ሲያጠፋ የጀርባው ሥራ ገና ሬጅስተር እያነበበ ነው፤ በአንዳንድ የአርም ቺፖች ላይ ደግሞ ክሎኩ የጠፋ መሣሪያ ሬጅስተር ሲነበብ ባሱ ራሱ ደርቆ ይቀራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን የረንታይም ፓወር ማኔጅመንት ጥበብ ነው። ይህ ሥርዓት በ2009 ከ2.6.32 ከርነል ጋር ሲመጣ ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ሥራ የፈታ መሣሪያ ለብቻው እንዲተኛ ታስቦ ነው። መሣሪያውን የሚቀሰቅሰው ጥሪ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ ስፒንሎክ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሎክ ይዞ ማንቀላፋት ደግሞ ክልክል ነው። ጸሐፊው ስፒንሎክ እንደያዘ ይጠራዋል፤ ከርነሉ «የሚያንቀላፋ ፈንክሽን ያለቦታው ተጠራ» ብሎ ይጮሃል። ጥሪውን ከስፒንሎኩ በፊት ማድረግ ይቻል ነበር፤ ግን ያ ኮዱን ማንበብ ይጠይቃል። ስለዚህ «አይአርኪው ሴፍ» የምትል አንዲት መስመር ትጨመርና ጩኸቱ ይቆማል። የዚህች መስመር ዋጋ ምን መሰላችሁ? መሣሪያው የተንጠለጠለበትን ወላጅ መሣሪያ ከርነሉ ዳግመኛ እንዳይተኛ አድርጎ ይይዘዋል። ኃይል ይቆጥባል ተብሎ የተጻፈ ኮድ ወላጁን ዕድሜ ልኩን ነቅቶ እንዲኖር ይፈርድበታል፤ ይህም «የኃይል አያያዝ ማሻሻያ» ተብሎ ይመዘገባል።

ሁሉን የሚያስንቀው ጥበብ ሎክዴፕን ማፈን ነው። ሎክዴፕን የከርነል ጸሐፊው ኢንጎ ሞልናር በ2006 ሲያመጣው ዴድሎኩ እስኪደርስ የማይጠብቅ ተቆጣጣሪ አድርጎ ነው። አንድ ጊዜ ሀ ተይዞ ለ ሲያዝ፣ ሌላ ጊዜ ለ ተይዞ ሀ ሲያዝ ካየ ይበቃዋል፤ ማሽኑ ባይደርቅም ያስጠነቅቃል። የባትሪ መለኪያችንን ጉድም ገና ድሮ ይናገር ነበር፤ የጀርባ ሥራን መጠበቅንም እንደ ሎክ ይቆጥራልና። እንዲህ ያለ ምስክር ማን ይወዳል? «ይህን ሎክ አትመርምር» የሚባልበት መንገድ አለ፤ ሎኩን «ይኼ ሌላ እርከን ነው» ብሎ ማስጠራትም አለ። ሁለቱም በአግባቡ የሚያስፈልጉበት ቦታ ስላለ ጠቢቡ ሲጠቀምባቸው ማንም አይጠረጥርም። ጥፋቱ የድራይቨሩ፣ አፉ የሚዘጋው የሎክዴፕ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ለሰነፍ ደግሞ የተዘጋጀ ምሕረት አለ፦ ሎክዴፕ አንድ ጊዜ ከጮኸ በኋላ ማሽኑ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ራሱን ያጠፋል። ከአንተ የቀደመ የሌላ ሰው ድራይቨር ካስጮኸው ያንተ ኃጢአት ተሸፈነ ማለት ነው።

አንዳንድ አንጋፎች ለመላው ከርነል አንድ የነበረውን ቢግ ከርነል ሎክን ሲያነሡ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ከ1996 እስከ 2011 ድረስ የኖረ፣ ያው ባለቤቱ ደጋግሞ ቢይዘው የማይቆጣ፣ የያዘው ሲያንቀላፋ ራሱን የሚለቅ ደግ ሎክ ነበር። ምን እንደሚጠብቅ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለዚህም ነው ነቅሎ ማውጣቱ ዓመታት የፈጀው።

ማስረጃ ካላየን የሚሉም አሉ። ማሽኑ ሲነሣ ቢሞት ኮንሶሉም ዲስኩም ገና አልነቁምና የመጨረሻ ቃሉን የሚጽፍበት የለውም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2006 የጻፈው ፒኤም ትሬስ ለዚህ ነው፤ ከርነሉ የደረሰበትን ቦታ ምልክት ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሰዓት ውስጥ ያኖራል። በሚቀጥለው ቡት ቀኑ ተዘባርቆ ይገኛል፤ ከዚያ ከተዘባረቀ ቀን ግን የትኛው መሣሪያ ላይ እንደቆመ ይነበባል። (ይህን ያሰበ ጭንቅላት ግሩም ነው፤ እዚህ ላይ አልተሸሞጠም።) ጠቢባኖቻችን ግን ሰዓታቸውን አያዘባርቁም፤ መቶ ሚሊሴኮንዳቸው ይበቃቸዋል።

አሰልቺ ሰው ደግሞ አይጠፋም። የባትሪ መለኪያውን ኮድ ያነብና የካንስሉን ጥሪ ሚውቴክሱ ከመያዙ በፊት ያደርገዋል፤ ሁለት መስመር ቦታ ተቀያየረ። አይበቃውም፤ ሚውቴክሱ የትኛውን መረጃ እንደሚጠብቅ አጠገቡ ኮሜንት ይጽፋል። ቼክፓች የሚባለው መመርመሪያ እንዲህ ያለ ኮሜንት ይጠይቅ የለ? ይጠይቃል፤ ጠቢቡ ታዲያ «ድራይቨሩን ይጠብቃል» ብሎ ጽፎ ይገላገላል። አሰልቺው ግን የመረጃውን ስም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ፓቹ ለግምገማ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ያህል ጊዜ የሠራ ኮድ ለምን ይነካል? በየትኛው ማሽን ሞከርከው?» የሚል ነው። መቶ ሚሊሴኮንዷ በየትኛው ማሽን እንደተለካች ግን እስካሁን የጠየቀ የለም።