የማያቃጥል አያጸዳም

እኛ ዘንድ ማጽጃ የሚፈተነው በአፍንጫ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ዓይን ካላስለቀሰ፣ ጉሮሮ ካልከረከረ፣ ባለሱቁ ራሱ ፊቱን ዘወር ካላደረገ ዕቃው ተበርዟል ማለት ነው። በረኪናን የምናምናት በዚህ መስፈርት ነው። አረቄንም፣ ሚጥሚጣንም፣ የወገብ ቅባትንም የምንመርጠው በዚሁ ነው፤ «ያዝ ያደርጋል?» ብለን እንጠይቃለን፣ ያዝ ካደረገ እንገዛለን። አንድ ሰው መኪና ገዝቶ የቸርኬው መልክ ያሳስበው የጀመረ ቀንም ይህንኑ እምነት እንደያዘ መርካቶ ይገባል።

ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ብቻ ብሎ የሚጠራቸው ጎረቤቴ የገቡት እንዲህ ነው። ዕድሜያቸውን በሾፌርነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ላዳቸውን ሸጠው፣ ልጆቻቸው የላኩትን ጨምረውበት ቪትዝ ገዙ። ላዳዋ የብረት ቸርኬ ነበር ያላት፤ ጋሼም ቸርኬ ማለት ጎማ የሚይዝ ብረት እንጂ ጌጥ ነው ብለው አስበው አያውቁም። ቪትዟ ግን የመጣችው ባለ አልሙኒየም ቸርኬ ሆና ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከቤት ሲወጡ በቅድሚያ ጎንበስ ብለው ቸርኬ ያያሉ፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው።

ቸርኬዎቹ ጠቆሩ። በተለይ የፊቶቹ። ጋሼ «ይሄ የአዲስ አበባ አቧራ» ብለው ከተማዋን ወቀሱ፤ ከተማዋ ግን በዚህኛው ጉዳይ ንጹሕ ናት። ጥቁሩ ነገር የፍሬን ብናኝ ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሸራው ዲስኩን ይፍቀዋል፤ ከሁለቱም የሚረግፈው ዱቄት፣ አብዛኛው ብረት፣ እንደጋለ ቸርኬው ላይ ያርፋል። እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ እዚያው ዝጎ ይጣበቃል። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ ቪትዟ ደግሞ ኋላዋ ታምቡር ስለሆነ ብናኙን በሆዷ ትይዘዋለች። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ በተሸከርካሪ፣ በተሸካሚና በጋሪ መሃል የሚነዳ ሰው ቤንዚን መስጫውን የሚረግጠው ለደንቡ ነው፣ መኪናው የሚሄደው በፍሬን ነው። የመርካቶ ቸርኬ ቢጠቁር አይፈረድበትም።

እንግዲህ ማጽጃ ፍለጋ ነው። መርካቶ ሁሉም ነገር የየራሱ ተራ አለው። ጣልያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ እዚህ ከተከለው ወዲህ ነጋዴው ሸማውን በሸማ ተራ፣ በርበሬውን በበርበሬ ተራ፣ አሮጌውን ሁሉ በምናለሽ ተራ አደላድሎ አስቀምጦታል። የቸርኬ ማጽጃ ግን ተራ አላገኘም። የመኪና ዕቃ ነው ብለን ሶማሌ ተራ ብንሄድ ከካንዴላና ከፍሬን ሸራ ጀርባ አንድ ሁለት ጠርሙስ ይወጣልናል። ሳሙና ነው ብለን ጅምላ ሻጮች ጋ ብንሄድ ከጀሪካን ይቀዱልናል። ኬሚካል ነው ያልን እንደሆነ ደግሞ ስሙ ያልተጻፈ ነገር በሃይላንድ ተሞልቶ ይመጣል።

ጋሼ ሶማሌ ተራን መረጡ፤ እኔም ለሸክም ተከተልኳቸው። አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ወጣት ተቀበለን።

«ለቸርኬ ከሆነ ሦስት ዓይነት አለኝ፣ ፋዘር» አለ። «ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ አውሬ።»

«አውሬውን አምጣው» አሉ ጋሼ፣ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቁ።

አውሬው የመጣው በሃይላንድ ነው። መልኩ ውሃ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የቀረው ወረቀትም የምንጭ ውሃ መሆኑን ከነተራራው ሥዕል ይመሰክራል። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ክዳኑን አላላው። በሩ ላይ ጎማ ይዞ የቆመ ደንበኛ ሳለ። የጋሼ ዓይን እንባ አቀረረ፣ ፊታቸው ግን በራ።

«ይሄ ነው!» አሉ። «ይሄ ማጽጃ ነው!»

እዚህ ላይ ወጌን ትንሽ ላቁመውና አውሬ የሚባለውን ነገር ላስተዋውቅ። በእንዲህ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ባለሱቁም አያውቀውም፤ የቀዳለት ሰው ያውቃል ብሎ ያምናል፣ ያም ሰው እንዲሁ። ምናልባት የሽንት ቤት ሸክላ የሚታጠብበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። እሱ ከሆነ አፍንጫ ስላስጠነቀቀን እናመስግነው፤ አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ ብሎኑን ያዝገዋል፣ ግን ቢያንስ ተደብቆ አይመጣም። ጠንከር ያሉት የቸርኬ ማጽጃዎች ውስጥ ግን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም የእሱ ዘመዶች ይገባሉ፤ እነዚህ ጠባያቸው ሌላ ነው። ቆዳን አልፈው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፣ ከሰውነት ካልሲየም ጋር ይያያዛሉ። ቀጠን ብለው ከተበጠበጡ ሕመሙ ወዲያው ላይሰማ ይችላል፤ ሰውየው እጁን አለቅልቆ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው አጥንቱ ድረስ የሚሰማው። በአፍንጫና በቆዳ የምንፈትን ሰዎች የምንሸወደው እንግዲህ እዚህ ነው፤ ከሁሉ የከፋው አውሬ ሲገባ አያገሳም። የነካው ሰው በብዙ ውሃ ቶሎ ማጠብና ሳያመው ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ ዕቃው ምን እንደሆነ ለሐኪሙ መንገርም አለበት። የምንጭ ውሃ ጠርሙስ ይዞ ሄዶ ምን ብሎ ይንገር?

ጠርሙሱን ነገር ካነሳሁ ደግሞ፣ ከአሲዱም የምፈራው ሃይላንዱን ነው። ከትምህርት ቤት ሮጦ የመጣ ልጅ በረንዳ ላይ ያገኘውን ሃይላንድ ክዳኑን ከፍቶ ሊያሸት አይደለም፣ ሊጠጣ ነው።

መካከለኛው ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ነበር። ቅባት ያነሳል፣ ለብረት ቸርኬ ክፉ አይደለም፤ አልሙኒየምን ግን ያሟሟዋል። ኮስቲክ ሶዳ በብዙ ፀጉር ማለስለሻም ውስጥ አለ፤ ራስ ቅል ላይ ትንሽ ሲቆይ ምን እንደሚያደርግ የተለሰለሰ ሁሉ ያውቃል። የሚገርመው ለስላሳ የተባለውም ከዚያው ከውበት ሳሎን መምጣቱ ነው። ቲዮግላይኮሌት የሚባል ነገር አለበት፤ ፀጉር የሚጠቀልለው ፐርምና ፀጉር የሚያረግፈው ቅባት የሚሠሩት በእሱ ነው። አሲድም ሶዳም ሳይሆን ከብረት ብናኝ ጋር እየተያያዘ ከቸርኬው ላይ ያላቅቀዋል። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ዓይን ግን አያስለቅስም፤ ጋሼም ስለዚህ ናቁት።

«ይሄማ ሽታው ብቻ ነው፣ ጉልበት የለውም» አሉ።

ወደ ውሳኔ ያደረሳቸው እኔ አይደለሁም፣ እኔን ማን ሰምቶኝ። አንድ የሾፌር ጥያቄ ነው ያደረሳቸው።

«አንተ ራስህ በምንድን ነው የምታጥበው?»

«እኔማ መኪና የለኝም፣ ፋዘር። አለቃዬ ግን በላርጎ ነው የሚያሳጥበው።»

ሱቁ ዝም አለ። ልጁ የተናገረውን ቆይቶ ሰማው መሰለኝ፣ «ላርጎና ለስላሳውን አንድ ላይ ላድርግልዎት» ብሎ ፈጠነ። ጋሼ ዋጋውን ግማሽ አስቀንሰው፣ ከዚያ ላይ ብሩሽ አስመርቀው ወጡ። እኔ የማደንቀው ጠርሙሱን አገላብጠው ማየታቸውን ነው። ጽሑፉ በቻይንኛ ነበር፤ ሥዕሉ ግን ቋንቋ አይጠይቅም። ቀይ ጠርዝ ባለው አራት ማዕዘን ውስጥ ከጠርሙስ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ እጅንና ብረትን ሲበላ የሚያሳይ ምልክት ካለ ዕቃው ቆዳም ብረትም ያቃጥላል፤ የራስ ቅል ካለበት ሱቁ ውስጥ መተው ነው። ለስላሳው ላይ የነበረው ቃለ አጋኖ ብቻ ነው፣ ተጠንቀቅ ለማለት። ጋሼ «ይሄ የመንገድ ምልክት ነው» ብለው ተደሰቱ።

እሑድ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። እንደ ጋሼ ያለ ሾፌር የማያስፈልገውን ምክር ልዝለለውና የሚያስፈልገውን ልናገር፦ የጋለ ቸርኬ ላይ ማጽጃ አይረጭም። ከገበያ እንደተመለሱ፣ ዲስኩ እንደተቃጠለ ቢረጩት ፈሳሹ ወዲያው ይደርቃል፤ የደረቀ ኬሚካል ደግሞ ከብናኙ ይልቅ የራሱን ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። መኪናዋ ጥላ ሥር ቆማ እስክትበርድ ቡና ይጠጣል። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ላርጎ በለስላሳ ብሩሽ። የድስት ሽቦ የሚባል ነገር እዚያ አካባቢ እንዳይታይ፤ የፋብሪካ ቸርኬ ከላዩ መስታወት የመሰለ ቀለም ተቀብቷል፣ የምናጥበውም እሱን እንጂ ብረቱን አይደለም። እሱ ከተፋቀ በሥሩ ዝገቱ ይሠራጫል። ላርጎው አብዛኛውን አነሳው። የቀረው ችክ ያለ ብናኝ ብቻ ስለሆነ ያን ጊዜ ለስላሳው ተጠራ።

ጋሼ የላስቲክ ጓንት አጥልቀው፣ የጥንቱን ሬይባን ሰክተው፣ ነፋሱን በጀርባቸው አድርገው ረጩት። ደቂቃ ሳይሞላ ቸርኬው ሐምራዊ እንባ ማፍሰስ ጀመረ።

«ቀለሙ ለቀቀ! ውሃ! ውሃ አምጡ!»

ቀለም አልለቀቀም፤ ማጽጃው ብረቱን ሲያገኘው የሚያወጣው መልክ ነው፣ ብናኝ በሌለበት አይታይም። ውሃ የጠሩት ግን በትክክለኛው ሰዓት ነው፤ ማጽጃ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት፣ አንዱ ቸርኬ ሳያልቅም ሌላው አይረጭም። በነገራችን ላይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለስላሳ ማጽጃ ቅንጦት አይደለም። አውሬውን ለማለቅለቅ የሚፈስ ቧንቧ ያስፈልጋል፤ እኛ ያለን ግማሽ ጀሪካን ነው። ባለቤታቸው በዚያ መሃል በረኪና ጨመር እንዲያደርጉበት ሐሳብ አቀረቡ፤ እንደ እናት ደንብ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፣ ከሌሎች ማጽጃዎችም ጋር ቢሆን አይደባለቅም፤ ብቻውንም አልሙኒየምን ይቦረቡራል። ይህን ስነግራቸው በረኪናዬን ሰደብክብኝ ብለው ተቀየሙኝ፣ እስከ ምሳ ድረስ።

ጎረምሶቹ መኪና አጣቢዎች ከአጥር ውጭ ሆነው ያዩን ነበር። የእነሱ ዘዴ ሌላ ነው፤ በመጨረሻ ጎማውን በናፍጣ ያሹታል። ያበራል፣ አይካድም። ናፍጣ ግን ላስቲክ ያስረጃል፣ ዲስክ የነካ ዕለት ደግሞ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ ነው ብልጭታው የሚታየው። አንዱ ደረቁን ብናኝ በኮምፕሬሰር መንፋትም ይወዳል፤ የቆየ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል እርጥብ ጨርቅ ይሻላል ብዬዋለሁ። «እኛ ጋ ሁሉም ይነፋል» አለኝ።

የታጠበበት ውሃ ወዴት ይሄዳል? በቦይ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤልና አዋሽ። በመንገዱ ላይ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣዋል፤ ጎመኑን ደግሞ እኛው እንገዛዋለን። ማጠቢያ ወንዝ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለዓለም ያሳየው የእኛው ሰው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፤ ቢልሃርዚያ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች መግደያ ከዚያ ተገኘ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለመበት። እንዶድ የገደለው የሚገደለውን ነው። የእኛ አውሬ አይመርጥም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። የጋሼ ወንድም ልጅ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የኤሌክትሪክ መኪና ሲያዘግም ሞተሩ ራሱ እየያዘው ኃይሉን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ፍሬኑ ብዙ አይሠራም፣ ብናኙም ትንሽ ነው፤ ላርጎ ከበቂ በላይ ነው። ልጁ ግን አዲስ መኪና ይዞ በላርጎ ማጠብ አልሆንለት አለና እኔና ጋሼ ወደዚያው ሱቅ ይዘነው ሄድን። ወጣቱ ሻጭ የመኪናውን ዓይነት ጠየቀ፣ ሲሰማ ዓይኑ ፈካ፣ ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ጠርሙስ ይዞ ወጣ። ያው ለስላሳው ነው፤ ጠርሙሱም ያው፣ ሽታውም ያው። አዲስ የተለጠፈበት የመብረቅ ሥዕል ብቻ ነው። ዋጋው እጥፍ።

ጋሼ ሬይባናቸውን አውልቀው ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አቆሙ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ያኛው ለቤንዚን ነው፣ ፋዘር» አለ ሻጩ፣ ሳያወላውል። «ይሄ ቻርጅ አይጨርስም።»